የአያቴ ቮልስ፦ አሮጌ መኪናን በቤት ውስጥ ስለ ማደስና ስለ መጠበቅ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የጉባኤው አዘጋጆች በዚህ መድረክ ላይ እንድናገር በጋበዙኝ ጊዜ የጠበቁት፥ በዕለት ሥራዬ ስለማውቀው ስለ ውሃ ፓምፕ አንድ ነገር አቀርባለሁ ብለው ሳይሆን አይቀርም። እኔ ግን ፈቃዳችሁ ሆኖ በጓሮዬ ስላለች አንዲት አሮጌ መኪና ልነግራችሁ ተነሥቻለሁ። ነገሩ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ወዲህ ስለ ሙያዬ ከተማርኩት ሁሉ የሚበልጠውን ያስተማረችኝ ይህችው መኪና ስለ ሆነች፥ በንግግሬ መጨረሻ ወደ ፓምፑም መመለሴ አይቀርም።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1965 የተሠራች ቮልስዋገን 1200፥ ማለት ሁላችንም «ቮልስ» እያልን የምንጠራት ናት። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት የተጋደሙ አራት ሲሊንደሮች አሏት፤ የሞተሯ ይዘት 1,192 ሲ.ሲ.፥ ጉልበቷም 34 የፈረስ ጉልበት ነው። ራዲያተር የላትም፤ የምትቀዘቅዘው በአየር ነው። የዚህ ዓይነቱ መኪና የመጨረሻዋ ምርት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከተማ ካለው ፋብሪካ እስክትወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን ተኩል በላይ ተሠርቷል። በአገራችንም የመምህሩ፥ የነርሷ፥ የመንግሥት ሠራተኛው መኪና ነበረች። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የወጡትም በዚችው በቮልስ እንደ ነበር የምናውቀው ነው። እንግዲህ ቮልስን አሮጌ ብረት ብቻ አድርጎ መመልከት አይቻልም።

የእኛይቱን አያቴ በ1962 ዓ.ም. ከሁለተኛ እጅ ገዟት። አያቴ የሒሳብ መምህር ነበሩ። እሳቸው ካረፉ በኋላ፥ በ1997 ዓ.ም. መኪናዋ ከቤታችን ጓሮ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆመች፤ ዐሥራ አንድ ክረምትም አለፈባት። ዶሮዎች በኋላ መቀመጫዋ ላይ እንቁላል ይጥሉባት ነበር። በ2008 ዓ.ም. ቤተ ዘመዱ ተሰብስቦ ቦታውን ለሚከራይ ክፍል መሥሪያ ሲፈልገው፥ ለቆራሌው ትሸጥ የሚል ሐሳብ ቀረበ፤ ዋጋዋም በኪሎ ተሰላ። እኔ በዚያን ጊዜ የ27 ዓመት ወጣት መሐንዲስ ነበርኩና፥ «በአንድ ዓመት ውስጥ አስነሣታለሁ» ብዬ ለመንኩ። የፈጀብኝ ግን ስድስት ዓመት ነው። ለምን ስድስት ዓመት እንደ ፈጀ ባስረዳ፥ የንግግሬን ፍሬ ነገር የተናገርኩ ያህል ነው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ የሠራሁት ስሕተት፥ ቁልፍ ይዤ መፍታት መጀመሬ ነው። እስከ ማታ ድረስ ግማሽ ባልዲ ቡሎንና ዳዶ ሰበሰብኩ። በማግሥቱ ባልዲውን ስመለከት የትኛው ቡሎን ከየት እንደ ወጣ ማወቅ አልቻልኩም። ከዚያ በኋላ አንድም ነገር ሳልፈታ ሦስት ወር አሳለፍኩ። በነዚያ ወራት ያደረግሁት ማየት፥ ፎቶግራፍ ማንሣት፥ መለካትና መጻፍ ብቻ ነበር። ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳዎችን ሰብስቤ በየጣሳው ላይ ቁጥር ጻፍኩበት፤ ከአንድ ቦታ የሚወጣው ሁሉ በአንድ ጣሳ እንዲገባ ወሰንኩ። አሮጌ መኪና በቤቱ ማደስ ለሚያስብ ሰው የምሰጠው የመጀመሪያው ምክር ይህ ነው፤ ከቁልፍ በፊት እርሳስ ያዝ።

ሁለተኛው ምክር ለረጅም ጊዜ የቆመን ሞተር በባትሪ ለማስነሣት አለመቸኮል ነው። የፒስቶኑ ፋሻ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር በዝገት ተያይዞ ሊሆን ይችላልና፥ ድንገት ሲጎተት ይሰበራል። እኔ አራቱንም ካንዴላዎች አውጥቼ በየቀዳዳው ጥቂት ዘይት ጨመርኩና ሰባት ቀን ጠበቅሁ። በሳምንቱ የዲናሞውን ዳዶ በቁልፍ ይዤ በቀስታ ሳዞር ሞተሩ በእጄ ዞረ። በሰፈራችን የሚኖሩ አንድ አዛውንት መካኒክ አጠገቤ ቆመው ይመለከቱ ነበርና፥ «አየህ ልጄ፥ አልሞተችም፤ ተኝታ ነው» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኒህ ሰው መምህሬ ሆኑ። የተማሩት ከዐሥራ ሁለት ዓመታቸው ጀምሮ በጋራዥ ውስጥ ነው። ካምቢዮ፥ ፍሪሲዮን፥ ቴስታታ፥ ጓርኒሲዮን የሚሉትን ከጣሊያንኛ የወረስናቸውን ቃላት ሲናገሩ፥ ሙያው ከእጅ ወደ እጅ እንዴት እንደ ተላለፈ በጆሮ ይሰማ ነበር።

በመኪናዋ የዕቃ ማስቀመጫ ኪስ ውስጥ አንድ ሰማያዊ ሽፋን ያለው የተማሪ ደብተር አገኘሁ። አያቴ ከገዙበት ቀን ጀምሮ የተጓዙትን ኪሎ ሜትር፥ የቀዱትን ቤንዚን፥ የቀየሩትንና የጨመሩትን ዘይት በሒሳብ መምህር ጥንቃቄ ጽፈውበታል። እኔም ቁጥሮቹን ወስጄ በሚሊ ሜትር ወረቀት ላይ አንድ ሥዕል ሣልኩ። እስከ 1975 ዓ.ም. ድረስ ሞተሩ በ1,000 ኪሎ ሜትር ሩብ ሊትር የሚሆን ዘይት ይበላ ነበር። በዚያ ዓመት ሞተሩ ለጥገና ወረደ። ከዚያ ወዲያ መሥመሩ ወደ ላይ ይወጣል፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ወደ አንድ ሊትር ይደርሳል። በ1976 ዓ.ም. ገጽ ላይም ወደ ደብረ ብርሃን ሲጓዙ ሞተሩ እንደ ጋለና የ3ኛው ሲሊንደር ካንዴላ ነጥቶ እንደ ተገኘ ተመዝግቧል። ካንዴላ መንጣቱ ሲሊንደሩ ከመጠን በላይ መጋሉን ያመለክታል።

ይህን ይዤ ወደ አዛውንቱ ሄድኩ። እሳቸውም ደብተሩን ሳያዩ በሞተሩ ዙሪያ በጣታቸው እየጠቆሙ፥ «ላሜራዎቹስ የት አሉ?» ብለው ጠየቁኝ። የቮልስ ሞተር የሚቀዘቅዘው፥ በዲናሞው ጫፍ ያለው ማራገቢያ የሚገፋው አየር በስስ ላሜራዎች እየተመራ በሲሊንደሮቹ ላይ ሲያልፍ ነው። በሞተሩ ዙሪያ ያሉት ላሜራዎችና የጎማ መዝጊያዎች ደግሞ ከሥር ያለው የጋለ አየር ወደ ማራገቢያው ተመልሶ እንዳይሳብ ይከለክላሉ። በ1975 ዓ.ም. ሞተሩን ያወረደው ሰው እነዚህን ዕቃዎች ከቴርሞስታቱ ጋር፥ ለሞቃት አገር አያስፈልጉም ብሎ ሳይሆን አይቀርም፥ መልሶ አልገጠማቸውም። በዚህ ምክንያት ሞተሩ የራሱን ትኩሳት መልሶ ይተነፍስ ነበር። በዚያ ላይ በዚህ ዘመን ቮልስ የዘይት ማቀዝቀዣው የተተከለው በማራገቢያው ሣጥን ውስጥ፥ በስተግራ በኩል ስለ ሆነ፥ ወደ 3ኛው ሲሊንደር የሚደርሰውን አየር ይቀንሰዋል። ቴስታታውን ስናወርድ የ3ኛው ሲሊንደር የጭስ መውጫ ቫልቭ ጠርዙ ተቃጥሎ አገኘነው። አያቴ ከሠላሳ ዓመት በፊት በእርሳስ የጻፉት አንድ መሥመር ትክክለኛ ምርመራ ሆነ።

አዛውንቱ ያን ዕለት የተናገሩትን በሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ጽፌ ለጥፌዋለሁ፦ «የማታውቀውን ዕቃ አትጣል፤ ምን እንደሚሠራ እስክታውቅ ድረስ አስቀምጠው»። የጎደሉትን ላሜራዎች ከሶማሌ ተራና ከምናለሽ ተራ አንድ አንድ እያልኩ ለመሰብሰብ ዐሥራ አራት ወር ፈጀብኝ።

ከዚህ ቀጥዬ ስለ ራሴ ጥፋት መናገር አለብኝ። በቮልስ በሮች ሥር፥ ከፊት እስከ ኋላ ሣጥን መሰል የላሜራ ቦይ ተዘርግቷል። ይህ ቦይ የሞተሩን ሙቀት ወደ ተሳፋሪው የሚያደርስ ሲሆን፥ ከዚህም በላይ የአካሉ ዋና ምሰሶ ነው። የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹ በጭቃ ተደፍነው በዐሥራ አንድ ክረምት ከውስጥ በልቶት ነበር። እኔም ምሕንድስና የተማርኩ ሰው ሆኜ፥ ሸክም የሚያስተላልፈውን አካል አስቀድሜ ሳልደግፍ ቆርጬ አወጣሁት። በማግሥቱ በሩ አልዘጋ አለ፤ አካሉ በራሱ ክብደት ጎብጦ ነበር። አንድ ተማሪ በድልድይ ላይ እንዲህ ቢያደርግ በፈተና እጥለዋለሁ። ስሕተቱን ለማቃናት፥ በክሪክ ቀስ በቀስ እያነሡ፥ የበሩን ክፍተት ከላይና ከታች እየለኩ፥ በውስጥ በብረት ቱቦ እየደገፉ አራት ወር መሥራት ግድ ሆነ። ስለዚህ ከመቁረጣችሁ በፊት ደግፉ፤ ከመደገፋችሁም በፊት ለኩ።

ለመዳን የሚችለውን ላሜራ ከዝገት ለማላቀቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ የፕላስቲክ በርሜል፥ ውሃ፥ የልብስ ማጠቢያ ሶዳና የባትሪ መሙያ ይበቃል። የዛገው ዕቃ ከመሙያው ኔጋቲቭ፥ አንድ የማይፈለግ ቁራጭ ብረት ደግሞ ከፖዘቲቩ ጋር ይያያዛል፤ ሁለቱ እንዲነካኩ አይፈቀድም። ኤሌክትሪኩ ጤናማውን ብረት ሳይነካ ዝገቱን ያላቅቀዋል። በዚህ ጊዜ ሃይድሮጅን ስለሚወጣ ሥራው በደጅ፥ ከእሳት ርቆ መካሄድ አለበት። ቁራጩም የማይዝግ ብረት መሆን የለበትም፤ በውስጡ ያለው ክሮሚየም ውሃውን መርዛማ ያደርገዋልና። ዕቃው ከወጣ በኋላ ታጥቦና ደርቆ ወዲያውኑ የዝገት መከላከያ ቀለም ካልተቀባ፥ በዚያው ቀን መልሶ ይዝጋል።

የኤሌክትሪኩ ሥርዓት ባለ 6 ቮልት ነው። ብዙ ሰዎች ወደ 12 ቮልት እንድቀይረው መከሩኝ፤ መብራቱ ደካማ ነው ሲሉም እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ምክንያቱን እንመርምር። ለአንድ ዓይነት የመብራት ጉልበት 6 ቮልት ከ12 ቮልት ይልቅ እጥፍ ከረንት ይፈልጋል፤ በአንድ ዓይነት ሽቦ ላይ የሚባክነው ቮልት ከጠቅላላው ጋር ሲነጻጸር አራት እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ ጠላቱ የዛገ መጋጠሚያ ነው ማለት ነው። የመሬት ሽቦዎቹን ሁሉ ፈትቼ እስኪያበሩ ድረስ ካጸዳሁ በኋላ መብራቱ ለከተማ የሚበቃ ሆነ። ሥርዓቱንም ሳልቀይር ተውኩት።

በዚህ ላይ የከተማችን ከፍታ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ ሞተሩ የሚተነፍሰው አየር ስስ ነው፤ በዚህ ምክንያት ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ለባሕር ጠረፍ የተሰናዳ ካርቡራቶር በዚህ ከፍታ ከሚገባው በላይ ቤንዚን ይሰጣል፤ ካንዴላዎቹም ጥላሸት ይለብሳሉ። መፍትሔው ቤንዚኑ የሚያልፍባትን ቀዳዳ በጠበበች መተካት ነው። የቀድሞዋን ግን አልጣልኳትም፤ በጣሳ ቁጥር 41 ውስጥ ትገኛለች።

አሁን ከሁሉ ወደ ከበደኝ ጥያቄ እመጣለሁ። መኪናን ማደስ ማለት እንደ አዲስ ማድረግ ነውን? ፊቫ የተባለው ዓለም አቀፍ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ ላይ በቱሪን ከተማ ይፋ ያደረገው ቻርተር አለ። ይህ ቻርተር የቆሙ ቅርሶችን በሚመለከት እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣውን የቬኒስ ቻርተር መንፈስ የተከተለ ሲሆን፥ ከጉዳት መጠበቅን፥ ያለውን ማጽናትንና ማደስን ለይቶ ይመለከታል። የተተካ ዕቃ ምልክት እንዲደረግበት፥ የተደረገው ሁሉ እንዲመዘገብ፥ የወጣው ዋና ዕቃም ከመኪናው ጋር እንዲቀመጥ ይመክራል። በሌላ አነጋገር፥ አዛውንቱ መካኒክ በጓሮዬ የነገሩኝን ነው የሚለው።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት መፋቄን አቆምኩ። በአንዱ በር ላይ አንድ መዳፍ የሚያህል ቦታ ፍቄ ሳለ ከላይ ነጭ፥ ከሥሩ ሰማያዊ፥ ከሁሉም በታች የፋብሪካው ግራጫ ቀለም እንደ ዛፍ ቀለበት ተደራርበው ታዩ። ያችን ቦታ እንዳለች ትቼ በቫርኒሽ ሸፈንኳት። የፊተኛው ቀኝ ፓራፋንጎም አያቴ ከአጥሩ በር ምሰሶ ጋር ያጋጩት ጎድጓዳ አለበት። ቀለም ቀቢው በስቱኮ ልሙላው ቢለኝ እምቢ አልኩ። አባቴ ይህን ሰምተው ሲስቁ፥ ከዚያ አደጋ በኋላ አያቴ ለሁለት ቀን ከማንም ጋር እንዳልተነጋገሩ አጫወቱኝ። ጎድጓዳውን ብሞላው ኖሮ ይህን ታሪክ ባልሰማሁ ነበር።

ነገር ግን ቀድሞ የነበረው ሁሉ መጠበቅ አለበት ብዬ ለመናገር ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። የመኪናዋ ፍሬን ባለ አንድ መሥመር ነበር፤ ይኸውም አንዲት ቱቦ ብትፈስ አራቱም ጎማዎች ፍሬን ያጣሉ ማለት ነው። ሁለት ወር ሙሉ ከራሴ ጋር ተከራከርኩ። በመጨረሻ ያደረግሁት እንዲህ ነው፤ ከእንጦጦ በሚወርደው መንገድ ላይ ከትምህርት ቤት የሚመለሱትን ልጆች አሰብኩ። እነዚያ ልጆች የእኔን ቅርስ ለመጠበቅ አልተስማሙም። ስለዚህ ከኋለኞቹ ዓመታት ቮልስ የተወሰደ ባለ ሁለት መሥመር የፍሬን ፖምፓ ተከልኩ፤ የቤንዚን ጎማዎቹንም በሙሉ በአዲስ ቀየርኩ፤ ያረጀ ጎማ በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ቢያንጠባጥብ መኪናይቱ በሙሉ ትነድዳለችና። የተለወጠውን በደብተሩ ጻፍኩ፤ አሮጌውን ፖምፓ በዘይት ነክሬ፥ ጠቅልዬ፥ ቁጥር ሰጥቼ አስቀመጥኩት። ወደፊት የሚመጣ ሰው ሊመልሰው ቢፈልግ ይችላል። ሕጌ እንግዲህ ይህ ሆነ፦ የሌላ ሰው ሕይወት በሚነካበት ቦታ ቅርስነት ለደኅንነት ይገዛ፤ በተቀረው ሁሉ ግን የእኔ ምርጫ ለቅርሱ ይገዛ።

በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ወር መኪናዋ በራሷ ኃይል ከጓሮው ወጣች። አባቴ ከፊት ተቀመጡ፤ ደብተሩን ከፍተውም ከአያቴ የመጨረሻ መሥመር ቀጥለው የዕለቱን ኪሎ ሜትር በእጃቸው ጻፉ። በመካከላቸው አሥራ ሰባት ዓመት አለ፤ በገጹ ላይ ግን አንዱ ከሌላው ሥር ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራው ጥበቃ ነው። በየሳምንቱ ጥቂት መንገድ ትሄዳለች፤ የቆመ መኪና ከሚሄደው ይልቅ ይበላሻልና። ከክረምት በፊት የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቿን በሽቦ እጠርጋለሁ፤ የዘይቱን ወንፊት አጥባለሁ፤ የማራገቢያውን ቺንጋ እመረምራለሁ፤ እሱ ቢበጠስ ማቀዝቀዣው ይቆማልና። ያደረግሁትንም እጽፋለሁ።

የተከበራችሁ ጓደኞቼ፥ ወደ ፓምፑ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። በሥራ በተሰማራሁ በሁለተኛው ዓመት፥ ቮልሷን ከመንካቴ በፊት፥ በአንዲት ትንሽ ከተማ የቆመ አሮጌ የውሃ ፓምፕ እንድመረምር ተላክሁ። የፓምፑ መዝገብ የት እንዳለ አልጠየቅሁም። ዝገቱን አይቼ «የማይጠገን» ብዬ ፈረምኩ። አዲሱ ፓምፕ እስኪደርስ ድረስ የከተማይቱ ሴቶች ለዐሥራ አንድ ሳምንት ከወንዝ ውሃ ቀዱ። በኋላ አሮጌው ለቁራጭ ብረት ሲፈታ የተሰበረው አንድ ኩሽኔታ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ መለዋወጫውም እዚያው በዕቃ ግምጃ ቤቱ መደርደሪያ ላይ በወረቀቱ እንደ ተጠቀለለ ተቀምጦ ነበር። ያ ፊርማ የእኔ ነው፤ በማንም ላይ አላሳብብም።

እኛ መሐንዲሶች የምንመሰገነው በምንመርቀው ነገር ነው። ለሚጠግነውና ለሚጠብቀው ሰው ሪባን የሚቆርጥለት የለም። ነገር ግን ድልድይም፥ ፓምፕም፥ ትራንስፎርመርም ከተመረቁበት ቀን ማግሥት ጀምሮ እንደ አያቴ ቮልስ ናቸው፤ ዝገት ይጀምራቸዋል፤ አንድ ሰው ደብተር ካልያዘላቸውም ምን እንደ ነበሩና ምን እንደ ሆኑ የሚያውቅ አይኖርም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ በመንገዶቻችን ላይ የኤሌክትሪክ መኪናዎች እየበዙ ነው። ይህ መልካም ነው፤ እኔም አልቃወመውም። የአዲሱ መኪና ባትሪ ግን ከአሮጌው ካርቡራቶር ያላነሰ መዝገብና ጥንቃቄ ይፈልጋል። ያለንን የመጠበቅ ልማድ ካላዳበርን፥ አዲሱም በየጓሮው ቆሞ የዶሮ ማደሪያ መሆኑ አይቀርም።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። በነገው ዕለት ወደ ሥራችሁ ስትመለሱ በኃላፊነታችሁ ሥር ካለው መሣሪያ አንዱን ምረጡ፤ አንድ የተማሪ ደብተርም ግዙለት። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ቀኑንና ያያችሁትን ጻፉ። ቀሪውን ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ይጽፈዋል።